ሐዲዱ ባዶ ነው ሲባል፦ የዋሽንግተኑ የሜትሮ ባቡር ግጭት እንዴት ሊደርስ ቻለ?

ዕለቱ ሰኞ፣ ሰኔ 15 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 22 ቀን 2009 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዋሽንግተን ዲሲ ከቀኑ 11 ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አቅጣጫ ወደ መሐል ከተማ ይጓዝ የነበረ ስድስት ፉርጎ ያለው የሜትሮ ባቡር ታኮማ ጣቢያን አልፎ ፎርት ቶተን ጣቢያ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ በዚያው ሐዲድ ላይ ቆሞ የነበረን ሌላ ባቡር ከኋላው ገጨው። ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዷ የገጪው ባቡር ነጂ ነበረች። 52 ሰዎች ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። የዋሽንግተን ሜትሮ እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህን ያህል ሕይወት የጠፋበት አደጋ አልነበረም።

ይህ መስመር ለብዙ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ከፎርት ቶተን ሁለት ጣቢያ ብቻ ርቆ የሚገኝ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና የእንጀራ መሸጫዎች በብዛት ያሉበት የሜሪላንድ ከተማ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በቀዩ መስመር ወደ ዲሲ ሥራውን የሚሄድ፣ ማታም በዚያው የሚመለስ ወገናችን ብዙ ነው። አደጋው የደረሰበትን ሐዲድ በየቀኑ የሚያልፍበት ሰው፣ በዚያ ቦታ ምን እንደተፈጠረ በሚገባው ቋንቋ ተብራርቶ ሊያገኘው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2010 ያጸደቀው ሪፖርት በኢንጂነሮች ቃላት የተሞላ ስለሆነ፣ ከውስጡ የሚወጣውን ታሪክ ብዙ ሰው አልሰማውም። ታሪኩ ግን ከኤሌክትሪክ ይልቅ ስለ ሰዎችና ስለ ሥራ አሠራር የሚናገረው ይበልጣል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ሜትሮው የምድር ውስጥ ባቡር ቢባልም ከመስመሩ ብዙው ከመሬት በላይ የሚሄድ ሲሆን፣ ግጭቱ የደረሰውም በጠራራ ፀሐይ፣ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ነው። ጨለማ አልነበረም፤ ጭስ አልነበረም። የገጪው ባቡር ነጂ በመንገድ ላይ እንዳለ የመኪና ሾፌር ፍጥነቷን ራሷ እየወሰነች አልነበረም የምትጓዘው። ባቡሩ በአውቶማቲክ ሥርዓት ይሄድ ነበር፤ ማለትም መቼ መፍጠን፣ መቼ መቀነስ፣ መቼ መቆም እንዳለበት የሚነግረው በሐዲዱ በኩል የሚደርሰው ትእዛዝ ነበር። የነጂዋ ሥራ በሮችን መክፈትና መዝጋት፣ ፊት ለፊቷን መመልከት፣ አደጋ ካየች ደግሞ ድንገተኛውን ፍሬን መጫን ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነጂዋ ለምን አላቆመችም የሚለው ሳይሆን፣ ሁለት ባቡሮች በምንም ዓይነት እንዳይቀራረቡ ተብሎ የተሠራው ሥርዓት ፊት ለፊቱ የቆመን ባቡር እንዴት ሳያየው ቀረ የሚለው ነው።

ሐዲድ ባቡርን የሚያየው እንዴት ነው?

የባቡር ሐዲድ ለዓይን ወጥ ሆኖ ቢታይም፣ ለመቆጣጠሪያው ሥርዓት በብዙ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል በአንደኛው ጫፍ አስተላላፊ መሣሪያ፣ በሌላኛው ጫፍ ተቀባይ መሣሪያ አለ። አስተላላፊው በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለቃል፤ ሞገዱ ተጉዞ ተቀባዩ ዘንድ ከደረሰ ሥርዓቱ ይህ ክፍል ባዶ ነው ብሎ ይወስናል። ባቡር ሲገባበት ግን መንኰራኩሮቹና የሚያያይዛቸው ብረት ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኟቸዋል፤ ሞገዱም በዚያው አቋርጦ ስለሚመለስ ወደ ተቀባዩ አይደርስም። ተቀባዩ የሚጠብቀውን ሲያጣ ክፍሉ ተይዟል ማለት ነው። ይህ ዘዴ የሐዲድ ሰርኪዩት ይባላል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ ነው።

የመስኖ ቦይን ማሰብ ነገሩን ያቀለዋል። ከላይ ውኃ የሚለቅ ሰው አለ፤ ከታች ደግሞ ውኃው መድረሱን የሚጠባበቅ ሌላ ሰው አለ። ውኃው ታች ከደረሰ በመሐል ቦዩን የዘጋ ነገር የለም። ካልደረሰ አንድ ነገር ገድቦታል። የዘዴው ብልኃት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ቦዩ ቢናድ፣ የላይኛው ሰው ቢተኛ ወይም ምንጩ ቢደርቅ ውኃው ታች አይደርስም፤ የታችኛውም ሰው ተዘግቷል ብሎ ሁሉንም ያስቆማል። በሐዲዱም እንደዚሁ ነው፤ ሽቦ ቢበጠስ፣ መብራት ቢጠፋ ወይም ሐዲድ ቢሰበር ሥርዓቱ ባቡር ባይኖርም ባቡር አለ ይላል። ያልታሰበ መዘግየት ይፈጠራል፤ ሰው ግን አይሞትም። ሥርዓቱ ሲበላሽ ወደ ጥንቃቄ እንዲያደላ ተደርጎ ነው የተሠራው።

ይህን ዓይነቱን ጥንቃቄ ሊያፈርስ የሚችል አንድ ነገር ግን አለ፤ ውኃው በቦዩ ሳይሆን በሌላ መንገድ ታች ከደረሰ። ቦዩ ተገድቦ ሳለ ከጎን የሾለከ ውኃ እግሩ ሥር ሲደርስ የታችኛው ሰው መንገዱ ክፍት ነው ብሎ ያምናል። በፎርት ቶተን አጠገብ የሆነው ይኸው ነው።

መርማሪዎቹ ቢ2-304 ተብሎ በሚጠራው የሐዲድ ክፍል ላይ ባደረጉት ፍተሻ፣ አስተላላፊው ሞጁል ከሚገባው ሞገድ ሌላ ያልተፈለገ፣ በራሱ የተፈጠረ የኤሌክትሪክ መርገብገብ እያወጣ እንደነበር አገኙ። ይህ መርገብገብ ወደ ሐዲዱ መውጣት አላስፈለገውም፤ መሣሪያዎቹ በተደረደሩበት የብረት መደርደሪያ በኩል ሾልኮ በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ይደርስ ነበር። ለተቀባዩ ደግሞ ትክክለኛውን ሞገድ ይመስለዋል። በሐዲዱ ላይ ባቡር ቆሞ ሞገዱን ቢያቋርጠውም፣ ተቀባዩ በጓሮ በር የገባለትን ምልክት አንብቦ ክፍሉ ባዶ ነው ይላል። ሞጁሎቹን የሠራው ጀነራል ሬይልዌይ ሲግናል የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ኩባንያው በኋላ የአልስቶም አካል ሆኗል።

ሐዲዱ ባቡርን ከማየት በተጨማሪ ሌላም ሥራ አለው። ለእያንዳንዱ ባቡር የሚፈቀድለት ፍጥነት የሚነገረው በዚያው ሐዲድ ነው። ፊቱ ያለው ክፍል ከተያዘ ለባቡሩ የሚላከው ትእዛዝ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ያወርድና በመጨረሻ ያቆመዋል፤ ከፊቱ ያለው ባዶ ከሆነ ግን ሂድ ይለዋል። እንግዲህ አንድ ባቡር ከሥርዓቱ ዓይን ሲጠፋ፣ ከኋላው የሚመጣው ባቡር ቀስ በል የሚለው የለም።

አምስቱ ቀናት

ከአደጋው አምስት ቀን በፊት፣ ጁን 17 ቀን፣ የጥገና ሠራተኞች በዚሁ ክፍል ላይ በሐዲዱ አጠገብ የሚቀመጠውንና ሞገዱን ከሐዲዱ ጋር የሚያገናኘውን አንድ ዕቃ በአዲስ ቀየሩት። ሥራው አሮጌ መሣሪያዎችን የማደስ ፕሮግራም አካል ነበር። ሠራተኞቹ ዕቃውን ገጥመው ሲጨርሱ ሰርኪዩቱ ሲዋዥቅ አዩ፤ አንዴ ተይዟል፣ አንዴ ባዶ ነው እያለ ይለዋወጥ ነበር። ለጥገና ማዕከሉ አስታወቁ፤ የሥራ ትእዛዝ ተከፈተ፤ እነርሱም ቦታውን ለቀው ሄዱ። ሰርኪዩቱ ግን ከአገልግሎት አልወጣም፤ መስመሩም እንደወትሮው ቀጠለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቢ2-304 ያለፉ ባቡሮች ከሥርዓቱ ዓይን እየጠፉ ይመለሱ ነበር። ሆኖም ምንም አልደረሰም፤ ለምን እንዳልደረሰ መረዳት ደግሞ ሰኞ ዕለት ለምን እንደደረሰ ያስረዳል። አንድ ባቡር ሙሉ በሙሉ በዚያ ክፍል ውስጥ ሲገባ ሥርዓቱ ያጣዋል። ያጣውን ባቡር ደግሞ የፍጥነት ትእዛዝ አይልክለትም፤ ትእዛዝ ያልደረሰው ባቡር በበኩሉ ፍጥነትህ ዜሮ ነው እንደተባለ ቆጥሮ ፍሬን ይይዛል። በአውቶማቲክ በሙሉ ፍጥነት የሚመጡት ባቡሮች ፍሬን ቢይዙም በነበራቸው ግፊት ተንሸራትተው የፊታቸው ጫፍ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሻገር ነበር፤ እዚያ ሥርዓቱ እንደገና ያያቸዋል፤ ትእዛዙም ይመለሳል። ተሳፋሪው የሚሰማው ትንሽ መንገጫገጭ ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት በኋላ የተገጨው ባቡር፣ ባቡር 214፣ በዚያ ሲያልፍ ነጂው በአውቶማቲክ ሳይሆን በእጁ ይነዳ ነበር፤ ፍጥነቱም ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ፊት ለፊቱ ፎርት ቶተን ጣቢያን ያልለቀቀ ሌላ ባቡር ስለነበር መቆሙ ለእርሱም ሆነ ለተሳፋሪዎቹ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ባቡሮች ከጣቢያ በፊት ተራ መጠበቃቸው የተለመደ ነው። ነገር ግን ባቡሩ የቆመው ከጫፍ እስከ ጫፍ በቢ2-304 ውስጥ ነበር። ስድስቱ ፉርጎዎች ተደምረው ወደ 140 ሜትር ይረዝማሉ፤ ክፍሉ ደግሞ ከዚያ ይረዝም ነበር። ይህን የሚያህል ብረት፣ ሰው የተሳፈረበት፣ በቀን ብርሃን ቆሞ ሳለ ለመቆጣጠሪያው ሥርዓት አልነበረም። በእጅ መንዳቱን እንደ ጥፋት ያነሡ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሐዲድ ባቡርን ማየት ያለበት ፈጣንም ሆነ ዘገምተኛ ሲሆን ነውና።

ከኋላው የሚመጣው ባቡር 112 የደረሰው ትእዛዝ በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም ወደ 88 ኪሎ ሜትር ሂድ የሚል ነበር። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ባቡር ድንገተኛ ፍሬን ተይዞ እንኳ እስኪቆም ከ200 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ቦታው ደግሞ የሐዲድ መታጠፊያ ያለበት በመሆኑ የቆመው ባቡር ከሩቅ አይታይም። ከግጭቱ በኋላ በነጂዋ ክፍል ውስጥ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው የድንገተኛ ፍሬን ቁልፍ ተጭኖ ተገኘ፤ ከግጭቱ ቦታ በፊትም በሐዲዱ ላይ ወደ 38 ሜትር የሚዘልቅ የብረት በብረት ጭረት ነበር። ነጂዋ ባቡሩን ባየች ጊዜ ማድረግ የምትችለውን አድርጋለች፤ በዚያ ርቀት ባቡሩን ማቆም የሚችል ሰው ግን አልነበረም። መርማሪዎቹም ጥፋቱን በእርሷ ላይ አላሳረፉም። ይህን ደጋግሞ መናገር ተገቢ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም በእንዲህ ዓይነት አደጋ ወሬው መጀመሪያ የሚያርፈው በሾፌሩ ላይ ነው፤ ሾፌሩ ከሞተ ደግሞ የሚመልስ የለም።

ቀድሞ የታየ ነገር

እስካሁን የተባለው ሁሉ መሣሪያ ተበላሸ የሚል ይመስላል። መሣሪያ ይበላሻል፤ አዲስ ነገር አይደለም። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ግን ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 7 ቀን 2005፣ ማለትም ከፎርት ቶተኑ አደጋ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በፎጊ ቦተምና በሮስሊን ጣቢያዎች መካከል ከፖቶማክ ወንዝ ሥር በሚያልፈው ዋሻ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ነበር። በዚያም የሐዲድ ሰርኪዩት ባቡርን ሳያይ ቀረ፤ ከኋላ የሚመጣው ባቡርም ቀጥል ተባለ። ያን ጊዜ ነጂዎቹ የፊታቸውን ባቡር መብራት ቀድመው ስላዩ ድንገተኛውን ፍሬን ጭነው ባቡሮቻቸውን አቆሙ፤ አንድም ሰው አልተጎዳም። ዋሻው ጨለማ መሆኑ መብራቱን ሳያጎላላቸው አልቀረም።

የሜትሮው ኢንጂነሮች ጉዳዩን በቁም ነገር ነው የያዙት። መረመሩ፤ የተለመደው ፍተሻ እንዲህ ያለውን ብልሽት ሊያገኝ እንደማይችልም ተረዱ። ስለዚህ አዲስ የፍተሻ ዘዴ አዘጋጁ። ዘዴው ውስብስብ አልነበረም፤ ሁለቱን ሐዲዶች የሚያገናኝ ማቋረጫ ብረት ይዞ፣ በክፍሉ ጫፍ ላይ ብቻ ሳይሆን መሐል ላይም እያስቀመጡ ሥርዓቱ ተይዟል ማለቱን ማረጋገጥ ነው። ወደ ቦይ ምሳሌያችን ብንመለስ፣ ውኃውን በአንድ ቦታ ገድቦ ከመተው ይልቅ በተለያየ ቦታ እየገደቡ ታች ያለውን ሰው ደረሰህ ወይስ አልደረሰህም ብሎ መጠየቅ ማለት ነው። አንድ ሠራተኛ በእጁ ሊሠራው የሚችል ነገር ነው።

ዘዴው ተጻፈ፤ ወረቀቱም ወጣ። ነገር ግን ሐዲድ ላይ ወርደው ዕቃ የሚቀይሩት ሠራተኞች እጅ አልገባም። መርማሪዎቹ በ2009 ሠራተኞቹን ሲጠይቁ ዘዴውን እንደማያውቁት ተረዱ። ጁን 17 ቀን በቢ2-304 ላይ አዲሱ ዕቃ ከተገጠመ በኋላ ያ ፍተሻ ቢደረግ ኖሮ፣ ሰርኪዩቱ ባቡር እንደማያይ በዚያው ቀን ይታወቅ ነበር፤ ይህ የቦርዱ መደምደሚያ ነው። ቦርዱ ለአደጋው ዋና ምክንያት ብሎ ያስቀመጠውም ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ነው፤ የሞጁሎቹን ብልሽትና፣ የሜትሮው ድርጅት ከሮስሊን በኋላ ያዘጋጀው ፍተሻ የዕለት ሥራ እንዲሆን አለማድረጉን።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ስለ አደጋ ስናነብ ማንም አልጠረጠረም፣ ማንም አላወቀም የሚል ነገር እንጠብቃለን። በዚህ ጉዳይ ግን አንድ ሰው አውቆ ነበር፤ መፍትሔውንም ጽፎ ነበር። ዕውቀቱ ከቢሮ ወጥቶ ሐዲዱ ዳር ያለው ሠራተኛ ዘንድ እስኪደርስ ያለው መንገድ አጭር ነው። በዚያ አጭር መንገድ ላይ አራት ዓመት ሙሉ ቆሞ ቀረ። አዲሱን አሠራር ማን ያስተምር? ማን ቼክ ያድርግ? ሠራተኛው ሲሳሳት ማን ይጠየቅ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ስላልነበራቸው ነው እንጂ የቴክኒክ ዕውቀት ስለጠፋ አይደለም።

የመቆጣጠሪያ ማዕከሉም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ዓይኑ የጠፋ አልነበረም። የኮምፒውተር ሥርዓቱ ሰርኪዩት ሲዋዥቅ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ችግሩ ማስጠንቀቂያው በየዕለቱ እጅግ ብዙ መሆኑ ነበር፤ አብዛኛውም ለደኅንነት የማያሰጋ ስለሆነ ሠራተኞቹ ዓይተውት ማለፍን ለምደዋል። ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኽ ውሻ ሌባ ሲመጣም ቢጮኽ የሚነሣ ሰው አይገኝም፤ ከቢ2-304 ይመጣ የነበረው ምልክትም በዚያ ጩኸት መሐል ነበር።

ስለ ፉርጎዎቹ

ግጭቱ ለምን እንደደረሰ አንድ ጥያቄ ነው፤ ለምን ይህን ያህል ሰው እንደሞተበት ሌላ ጥያቄ ነው። የሞቱት ዘጠኙም በገጪው ባቡር ውስጥ የነበሩ ናቸው። በተገጨው ባቡር ውስጥ የሞተ የለም።

ገጪው ባቡር ሜትሮው ሥራ ሲጀምር ከተገዙት፣ ሺኛ ተከታታይ ከሚባሉት አሮጌ ፉርጎዎች የተሠራ ነበር። የእነዚህ ፉርጎዎች አካል ሲጋጭ አጥብቆ የሚይዝ አይደለም፤ አንዱ ፉርጎ ከሌላው ወለል በላይ ወጥቶ ልክ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ወደ ውስጥ ይገባበታል። በፎርት ቶተን የቆመው ባቡር የመጨረሻ ፉርጎ በገጪው ባቡር የመጀመሪያ ፉርጎ ውስጥ ገባ። አንድ ፉርጎ 75 ጫማ ወይም ወደ 23 ሜትር ርዝመት አለው፤ ከዚህ ውስጥ 63 ጫማው፣ ወደ 19 ሜትር የሚሆነው፣ ሰው ሊተርፍበት የሚችል ቦታ ሆኖ አልቀረም። ፉርጎው ውስጥ ወደ ኋላ የተቀመጠና ወደ ፊት የተቀመጠ ሰው ዕጣ የተለያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህም ቢሆን ቀድሞ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 በዉድሊ ፓርክ ጣቢያ ባዶ ባቡር ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሌላ ባቡር ሲገጭ እነዚሁ ፉርጎዎች በተመሳሳይ መንገድ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተዋል። ያ ፉርጎ ተሳፋሪ ስላልነበረበት ሰው አልሞተም። የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርዱ በ2006 እነዚህ ፉርጎዎች ወይ እንዲጠናከሩ ወይ ቶሎ ከአገልግሎት እንዲወጡ አሳሰበ። ድርጅቱ ግን አልቻልኩም አለ። ምክንያቱ ለተራ አንባቢ እንግዳ ነው፤ ፉርጎዎቹ ለባንኮች የግብር ጥቅም በሚያስገኝ የኪራይ ውል የተያዙ ስለነበሩ፣ እስከ 2014 መጨረሻ ድረስ በአገልግሎት ላይ ማቆየት ግዴታ ነበር። ውሉ በተፈረመ ጊዜ ለድርጅቱ ገንዘብ አስገኝቷል፤ ከሕግም ውጪ አልነበረም። ነገር ግን የተሳፋሪ ደኅንነት የሚወሰንበት ቀን በገንዘብ ውል ውስጥ ሲጻፍ ማየት ልብ ይሰብራል።

ከአደጋው በኋላ እነዚህ ፉርጎዎች ከባቡሩ ጫፍ ተነሥተው በአዳዲሶቹ መካከል እንዲገቡ ተደረገ። መርማሪዎቹ ይህ ዝግጅት በእርግጥ እንደሚከላከል የሚያሳይ የምህንድስና ጥናት እንደሌለ ጠቁመዋል። ሙሉ በሙሉ የተሰናበቱት በ2017 ነው።

ተቆጣጣሪው ማን ነበር?

አሜሪካን የሚያህል አገር ዋና ከተማ ባቡር ላይ በቂ ተቆጣጣሪ አልነበረውም ቢባል ለማመን ይከብዳል፤ ግን እንደዚያ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት የአውሮፕላንን፣ የጭነት ባቡርንና የአገር አቋራጭ ባቡርን ደኅንነት ይቆጣጠራል። የከተማ ባቡሮችን ደኅንነት ግን የራሱን መመሪያ አውጥቶ እንዳይቆጣጠር ሕግ ይከለክለው ነበር። ኃላፊነቱ የክልሎች ነበር፤ የዋሽንግተን ሜትሮ ደግሞ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል ስለሚያልፍ ሦስቱ በጋራ ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። ኮሚቴው የራሱ ቋሚ ሠራተኛ አልነበረውም፤ ድርጅቱን መቅጣትም ሆነ ማስገደድ አይችልም ነበር። ጉድለት ቢያገኝ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤው መልስ ቢያጣ ሌላ ደብዳቤ ይጽፋል። ቦርዱ በሪፖርቱ የኮሚቴውን ድክመትና የፌዴራሉን ሥልጣን ማነስ፣ የሜትሮው የዲሬክተሮች ቦርድ ለደኅንነት የሰጠውን ዝቅተኛ ትኩረትም ጭምር ለአደጋው አስተዋጽኦ ያደረጉ ብሎ መዝግቧቸዋል።

በዚህ በኩል የመጣው ለውጥ እውነተኛ ነው። በ2012 የወጣው የፌዴራል የትራንስፖርት ሕግ የከተማ ባቡሮችን ደኅንነት የመቆጣጠር ሥልጣን ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ሰጠ። ለውጡ ወዲያው ፍሬ አላፈራም፤ በጃንዋሪ 2015 ላንፋንት ፕላዛ ጣቢያ አጠገብ ዋሻው በጭስ ተሞልቶ አንዲት ተሳፋሪ ሞተች፤ በዚያው ዓመት የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የሜትሮውን ደኅንነት በቀጥታ ራሱ ሊቆጣጠር ገባ። በኋላም ሦስቱ አስተዳደሮች የማስገደድ ሥልጣንና የራሱ ባለሙያዎች ያሉት የዋሽንግተን ሜትሮሬይል ደኅንነት ኮሚሽንን አቋቋሙ፤ ኮሚሽኑ በ2019 ሙሉ ሥራውን ተረከበ። ዛሬ ኮሚሽኑ አንድን ባቡር ወይም አንድን ዓይነት ፉርጎ ከአገልግሎት አውጡ ብሎ ማዘዝ ይችላል፤ የድሮው ኮሚቴ ይህን በሕልሙም አያየውም ነበር።

በመሣሪያው በኩል ቦርዱ እነዚያ ሞጁሎች ከአገልግሎት እንዲወጡ አሳስቧል፤ ተመሳሳይ መሣሪያ ያላቸው ሌሎች የአሜሪካ ከተሞችም እንዲፈትሹ ጠይቋል። ከዚህም ጋር አንድ መሠረታዊ ነገር አንሥቷል፤ አንድ ባቡር ከሥርዓቱ ዓይን ሲጠፋ ይህንኑ ወዲያው የሚያሳውቅ፣ ከሐዲድ ሰርኪዩቱ የተለየ ሁለተኛ ጠባቂ እንዲኖር። ሐሳቡ ቀላል ነው። አሁን እዚህ የነበረ ባቡር በሚቀጥለው ቅጽበት የትም ካልታየ ባቡሩ ተንኖ አልጠፋም፤ ያላየው ሥርዓቱ ነው።

በአደጋው ስድስተኛ ዓመት፣ በጁን 2015፣ ግጭቱ ከደረሰበት ሥፍራ አጠገብ በኒው ሃምፕሻየር ጎዳና ላይ ለሟቾቹ መታሰቢያ የሚሆን ትንሽ መናፈሻ ተከፈተ። ከሟቾቹ መካከል እናቶች አሉ፤ ለብዙ ዓመት አብረው ኖረው አብረው የሞቱ ባልና ሚስት አሉ።

ከዚያች ሰኞ በኋላ የሜትሮው ባቡሮች በአውቶማቲክ መሄዳቸው ቆመ፤ ነጂዎች ሁሉ በእጅ መንዳት ጀመሩ። ለጊዜው ነው የተባለው እገዳ በአብዛኛው ወደ 15 ዓመት ተኩል ቆየ። በእነዚህ ዓመታት ሰርኪዩቶች ተቀየሩ፤ አሮጌዎቹ ፉርጎዎች ሄዱ፤ አንድ ትውልድ ነጂዎች ፍሬኑን በእጃቸው እየያዙ ወጡ። አውቶማቲኩ በኮሚሽኑ ፈቃድ እንደገና ሥራ የጀመረው በዲሴምበር 2024 ሲሆን፣ መጀመሪያ የተመለሰበት ቀዩ መስመር ነው፤ ታኮማን ከፎርት ቶተን የሚያገናኘው ሐዲድም ያለው በዚሁ መስመር ላይ ነው።